ቦታውን ጻፉ፦ የደን ወፎችን ዘረመል ለምታጠኑ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ባዮሎጂ ተመርቀው ወደ ዘረመል ጥናት የሚገቡ ወጣቶች ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። የትኛውን ሶፍትዌር ልማር? ጂኖም (የአንድን ፍጡር ሙሉ ዲ ኤን ኤ) ለማንበብ የትኛው ማሽን ይሻላል? ስንት ብር ይፈጃል? ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የምለው ነገር አለኝ። ቦታ መጻፍ ልመዱ። ወፏ የተያዘችበትን ቦታ፣ ቀኑን፣ ከፍታውን፣ በዙሪያዋ ያለውን ዛፍ ጻፉ። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በደን ወፎች ደም ውስጥ ያለውን ታሪክ በማንበብ ነው። ያ ታሪክ የሚነበበው ደሙ ከየት እንደመጣ ሲታወቅ ብቻ ነው።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ከአንዲት ወፍ ተነስቼ ላስረዳችሁ።

በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በነገሌ ቦረና፣ በገናሌ ወንዝና በአሬሮ ደን አካባቢ የምትኖር ቱራኮ አለች። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አትገኝም። ደረቷ አረንጓዴ ነው። ጉትዬዋ ነጣ ይላል። ምንቃሯና የዓይኗ ዙሪያ ቀይ ነው። ክንፏን ስትዘረጋ ደግሞ ሌላ ደማቅ ቀይ ይወጣል። ይህ የክንፍ ቀይ ቱራሲን ከሚባል ቀለም የሚመጣ ነው። በውስጡ መዳብ አለበት። ከቱራኮ ቤተሰብ በቀር ሌላ ወፍ ይህን ቀለም ሲሠራ አይታወቅም።

እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ የሚባል ጣሊያናዊ ልዑል በሶማሌና በኦሮሞ ምድር አቋርጦ ይጓዝ ነበር። በመንገዱ እንስሳትና ዕፅዋት ይሰበስባል። በዲሴምበር 1893 ዝሆን ገደለው። ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። ከጓዙ መካከል የአንዲት ቱራኮ ቆዳ ተገኘ። ከቆዳው ጋር ግን የሚረባ ጽሑፍ የለም። የት ተያዘች? መቼ? በምን ዓይነት ደን? የሚያውቀው ሟቹ ብቻ ነበር። ሳልቫዶሪ የሚባል የአገሩ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1896 አዲስ ዝርያ መሆኗን ገልጾ በልዑሉ ስም ሰየማት። ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች ወፏን በሕይወት እስኪያገኟት ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀረው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ በጦርነቱ ምክንያት ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ የመጣው እንግሊዛዊው የወፍ ተመራማሪ ቤንሰን አገኛት። ያን ሁሉ ዘመን ወፏ እዚያው ነበረች። ከብቱን ይዞ በዚያ የሚያልፈው እረኛ ሲያያት ኖሮ መሆን አለበት። የጠፋው አንድ መስመር ጽሑፍ ነው።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎች ስነግር “ያ ድሮ ነው፣ አሁን ጂፒኤስ አለ” ይሉኛል። ጂፒኤስ አለ። ግን በጎተራ የተከማቹ የዲ ኤን ኤ ናሙናዎችን ብታዩ ታዝናላችሁ። “ኢትዮጵያ” ብቻ የተጻፈበት አለ። “ባሌ” ብቻ የሚል አለ። ባሌ ማለት እኮ ከዲንሾ የጽድና የኮሶ ደን እስከ ሐረና ጥቅጥቅ ያለ እርጥብ ደን፣ ከዚያም አልፎ እስከ ቆላው ድረስ ነው።

የሩስፖሊን ቱራኮ ጉዳይ ደግሞ አሁን የባሰ ከባድ የሚያደርገው ነገር አለ። የቅርብ ዘመዷ ጉንጯ ላይ ነጭ ምልክት ያላት፣ በደጋ ደኖቻችን ሁላችንም የምናውቃት ቱራኮ ናት። የዘረመል ጥናት ሁለቱን እርስ በርስ እህትማማች ሆነው አግኝቷቸዋል። አሁን በብዙ የወፍ ዝርዝሮች ውስጥ ከሌሎቹ ቱራኮዎች ተለይተው ሜኔሊኮርኒስ በሚባል የራሳቸው ወገን ተመድበዋል። አዎ፣ በአፄ ምኒልክ ስም ነው። እነዚህ ሁለት እህትማማቾች በሚገናኙበት ቦታ ሲዳቀሉ መታየታቸው ተመዝግቧል። እንግዲህ አስቡት። ጂኖሟን አንብባችሁ የሌላኛዋን ዘረመል ብታገኙባት ምን ትላላችሁ? ትናንት የተደረገ መዳቀል ነው? ወይስ ሁለቱ ከመለያየታቸው በፊት አብረው የያዙት የድሮ ቅርስ ነው? ናሙናው ከመገናኛው ቦታ ስንት ኪሎ ሜትር እንደራቀ ካወቃችሁ መልሱን መፈለግ ትችላላችሁ። ወደ መገናኛው በቀረባችሁ ቁጥር ድብልቁ ከጨመረ አንድ ነገር ይነግራችኋል። በሁሉም ቦታ እኩል ከሆነ ሌላ ነገር ይነግራችኋል። ቦታው ካልተጻፈ ግን ኮምፒዩተሩ የፈለገውን ያህል ቢሮጥ ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ስምጥ ሸለቆ።

ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ በሞጆ በኩል ወደ ሐዋሳ ስትወርዱ ዝዋይን፣ ላንጋኖን፣ አቢጃታንና ሻላን ታልፋላችሁ። ሙቀት፣ ግራር፣ ጭው ያለ ሜዳ ነው። የዝዋይ ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ነው። በስተግራችሁ ከፍ ብሎ የሚታየው የአርሲ ተራራ ነው። ከኋላው ባሌ አለ፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በስተቀኛችሁ የጉራጌ ተራሮች ናቸው። ለመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ለደጋ ደን ወፍ ግን ያ ሜዳ መሻገሪያው ጭንቅ ነው። ጥላ የለውም። የምትበላው የለም። የምትደበቅበት ቁጥቋጦ የለም።

ሰው ሁሉ “ወፍ ክንፍ አላት፣ ምን ያግዳታል?” ይላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሞለኪውላር ኢኮሎጂ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ይህን ጥያቄ በሙሉ ጂኖም መርምሮታል። ከደራሲዎቹ አንዱ ኢትዮጵያዊው ዶ/ር ዮናስ መኸረቱ ናቸው። ስድስት የደጋ ደን ወፎችን ከሸለቆው በዚህም በዚያም ወስደው አነጻጸሩ። ስድስቱን ብዙዎቻችሁ ሳታውቁት አይታችኋል። በአዲስ አበባ ግቢዎች መሬት ለመሬት እየሄደ ትል የሚለቅመው ትልቁ ቡናማ ወፍ፣ ማለትም የአበሻ ትረሽ፣ አንዱ ነው። ሲመሽ የሌሎችን ወፎች ድምፅ እየቀዳ የሚዘምረው የሩፔል ሮቢን ቻት አለ። ዓይኗን ነጭ ቀለበት የከበባት ቢጫ አረንጓዴ ትንሽ ወፍ አለች። ግራጫው ዝንብ አዳኝ፣ ዘር ለቃሚዋ ትንሽ ቡናማ ወፍና የአበሻ ካትበርድ ቀሪዎቹ ናቸው።

ውጤቱ ግልጽ ነው። በስድስቱም ዝርያዎች የምሥራቁና የምዕራቡ ወፎች በዘረመል ተለያይተዋል። ግን እኩል አይደለም። ሩቅ የመብረር አቅም ያላቸው ያነሰ ልዩነት አላቸው። ከደናቸው የማይርቁት በጣም ተለያይተዋል። ሸለቆው አንድ ነው፣ ታሪኩ ግን እንደየወፉ ነው። እኔ በዚህ ጥናት የምወደው ይህንኑ ነው። ተፈጥሮ “ስምጥ ሸለቆ ይለያያል” የሚል አንድ ሕግ አላወጣችም። እያንዳንዱን ወፍ በየራሱ ማወቅ ይጠይቃል።

ካትበርድን ተመልከቱ። ሌላ የትም የማትገኝ የኢትዮጵያ ወፍ ናት። ግራጫ ናት፣ ግንባሯ ነጣ ይላል፣ ከጅራቷ ሥር ያለው ላባ የደረቀ ቅጠል ቀለም አለው። በጽድ፣ በኮሶና በቀርከሃ ውስጥ ተሸሽጋ ትኖራለች። ወንዱና ሴቷ አብረው ይዘምራሉ። እሱ ጥርት ያለ ዜማ ሲያሰማ እሷ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ ትቀበለዋለች። ከማን ወገን እንደሆነች ሊቃውንቱ ለረጅም ጊዜ ሲከራከሩ ኖረዋል። ዲ ኤን ኤ ሲታይ ነው ሲልቪያ ከሚባሉት ትንንሽ ዘማሪ ወፎች ቤተሰብ ውስጥ መግባቷ የታወቀው። ይህችን ወፍ በዓይናችሁ ሳታዩ፣ ድምፅዋን ሳትሰሙ፣ ቀርከሃው ውስጥ እንዴት እንደምትንቀሳቀስ ሳታውቁ ስለ መብረር አቅሟ በሰንጠረዥ ብቻ ብትናገሩ ቃላችሁ ባዶ ይሆናል።

ታሪክ ከደም እንዴት እንደሚነበብ ትንሽ ላብራራ። ብዙዎቻችሁ ፕሮግራሙን ታስኬዳላችሁ፣ ውስጡን ግን አትጠይቁም።

አንዲት ወፍ ሁለት የጂኖም ቅጂ አላት። አንዱ ከአባቷ፣ አንዱ ከእናቷ። የወፍ ጂኖም አንድ ቢሊዮን ፊደል አካባቢ ነው። እነዚህን ሁለት ቅጂዎች ጎን ለጎን አስቀምጡ። በአገራችን የብራና መጻሕፍት በእጅ ሲገለበጡ ገልባጩ ሳያውቅ ፊደል ይስታል፤ ቀጥሎ የሚገለብጠው ያንኑ ስህተት ይዞ የራሱን ይጨምራል። ሁለት የዳዊት ቅጂዎች መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ከሆነ የተገለበጡበት ምንጭ ቅርብ ነው። ብዙ ከሆነ ሩቅ ነው። በጂኖምም እንዲሁ ነው። በአንዱ ክፍል ላይ ሁለቱ ቅጂዎች እምብዛም አይለያዩም፤ የጋራ አያታቸው ቅርብ ናት ማለት ነው። በሌላው ክፍል ላይ በብዙ ፊደል ይለያያሉ፤ እዚያ የጋራ አያታቸው በጣም ሩቅ ናት። ጂኖሙ በሺዎች በሚቆጠሩ እንዲህ ባሉ ክፍሎች የተሞላ ነው።

ወፎቹ ጥቂት በነበሩበት ዘመን ማንም ከማን ጋር ቶሎ ይዛመዳል። ስለዚህ የብዙ ክፍሎች የጋራ አያት በዚያ ዘመን ላይ ይከማቻል። ወፎቹ ብዙ በነበሩበት ዘመን ደግሞ ይበታተናል። ይህን በማስላት ከአንዲት ወፍ ደም ብቻ የቅድመ አያቶቿን ብዛት በመቶ ሺዎች ዓመታት ወደ ኋላ መገመት ይቻላል። ሊ እና ደርቢን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ዘዴ ነው። መጀመሪያ የተሠራው በሰው ጂኖም ላይ ነበር። እኔ ይህን ስልት መጀመሪያ ስረዳው ለቀናት ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። አንዲት ጥፍር የምታህል የደም ነጠብጣብ የአንድን ደን ታሪክ ይዛለች።

በዚያው የ2022 ጥናት ሌላ ነገርም ታይቷል። የስድስቱ ዝርያዎች የዘረመል ብዝኅነት እጅግ የተለያየ ነው። ይህን ልዩነት በብዛት ያብራራው ያለፈው 200,000 ዓመት የወፎቹ ብዛት ነው። ግን ተራው አማካይ አይደለም፤ ትንንሾቹን ቁጥሮች አብልጦ የሚመዝነው ሃርሞኒክ አማካይ የሚባለው ነው። ቁጥሩን በእጃችሁ ሥሩት። ዘጠኝ ትውልድ 10,000 ወፍ ነበረ እንበል። በአሥረኛው ትውልድ ድርቅ መጥቶ 100 ብቻ ቀረ። ተራው አማካይ 9,010 ነው። ሃርሞኒኩ 917 ገደማ ነው። ዘረመል የሚከተለው ሁለተኛውን ነው። አንድ ክፉ ትውልድ የዘጠኙን ጥሩ ትውልድ ሀብት ይበላዋል። የጠፋው ልዩነት ወፎቹ እንደገና 10,000 ሲሆኑ አብሮ አይመለስም።

የእኛ ደጋ ደግሞ ክፉ ዘመን አላጣም። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን በባሌ የሳነቴ አምባ ላይ የበረዶ ግግር ተኝቶ ነበር። ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ጣና ሐይቅ ደርቆ ነበር። ጣና! ከዚያ በኋላ ዝናቡ ተመለሰና ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ ገጥመው አንድ ትልቅ ሐይቅ ሆኑ፤ ውኃውም ሞልቶ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ደኑም ከዚህ ጋር ይሰፋል፣ ይጠባል፣ ወደ ላይ ይሸሻል፣ ወደ ታች ይወርዳል። ደኑ ወደ ሸለቆው ሲወርድ አንዳንዱ ወፍ ይሻገራል። ሲሸሽ መንገዱ ይዘጋል። ስለዚህ የሸለቆውን ዕድሜና የወፎቹን መለያየት ዕድሜ አታምታቱ። ሸለቆው መከፈት ከጀመረ ሚሊዮኖች ዓመታት አልፈዋል። በሩ ግን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ውስጥ ሲከፈትና ሲዘጋ ኖሯል።

መልክም ያታልላል፤ ይህንን ደግሞ ከነጭ ዓይኗ ወፍ ተማሩ። በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ላይ፣ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ የኩላልና የታይታ ተራሮች፣ በሰሜን ታንዛኒያ የሚኖሩት ነጭ ዓይኖች ሁሉ አንድ ዝርያ ተደርገው ይቆጠሩ ነበር። ሁሉም ደጋ ላይ ይኖራሉ፣ ይመሳሰላሉ። ዘረመላቸው ሲታይ ግን የደጋዎቹ እርስ በርስ የቅርብ ዘመድ ሆነው አልተገኙም። በዝምድና ሐረጉ ላይ ከቆላ ነጭ ዓይኖች ጋር ተሰባጥረው ነው የተገኙት። ስለዚህ አሁን በተለያዩ ዝርያዎች ተከፋፍለዋል። ያ ሁሉ ሊታወቅ የቻለው ናሙናዎቹ በየተራራው ስም ተለይተው ስለተቀመጡ ነው።

እንግዲህ ወደ ሜዳው እንውጣ።

ጠዋት ጎህ ሳይቀድ ቀጭን ጥቁር የናይለን መረብ በሁለት ዘንግ መካከል ትዘረጋላችሁ። በዛፎች ጥላ ውስጥ ስለሆነ ወፏ አታየውም። መረቡን ጥላችሁ አትሂዱ፤ ቶሎ ቶሎ ተመላለሱ። ፀሐይ ከጠነከረ ወይም ዝናብ ከጀመረ እጠፉት። ወፏን አውጥታችሁ በጨርቅ ከረጢት ታደርጓታላችሁ። ትመዝናላችሁ፣ ክንፏን ትለካላችሁ፣ እግሯ ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት ታስራላችሁ። ከዚያ በክንፏ ሥር ያለውን ደም ሥር በቀጭን መርፌ ነካ ማድረግ ነው። የወፍ ቀይ የደም ሕዋስ እንደ ሰው አይደለም፤ ዲ ኤን ኤ የሚቀመጥበት ኒውክለስ አለው። ስለዚህ ትንሽ ነጠብጣብ በዲ ኤን ኤ የተሞላ ነው፤ ብዙ መቅዳት አያስፈልግም፣ አይገባምም። ነጭ ዓይኗ ወፍ አሥር ግራም ገደማ ናት። ጥጥ አድርጋችሁ ቁስሉን ያዙ፤ ደሙ ሲቆም በያዛችሁበት ቦታ ልቀቋት። ሌላ ቦታ ወስዳችሁ አትልቀቋት።

አሁን ጽሑፉ። አልኮል ባለበት ቱቦ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ። አልኮሉ ጠብ ባለበት ቁጥር ቀለሙ ይሄዳል። በእርሳስ በጠንካራ ወረቀት ጽፋችሁ ወረቀቱን ቱቦው ውስጥ ክተቱት፤ ከውጭም ድገሙት፤ በደብተርም ድገሙት። ጂፒኤሱን ጻፉ፣ የቦታውን ስምም ጻፉ፣ ምክንያቱም አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያርመዋል። ስም ብቻ አይበቃም። ናዝሬት አዳማ ሆኗል። ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ ሆኗል። ዝዋይ ባቱ ይባላል። የድሮ የሙዚየም ወረቀት ላይ የጣሊያንና የጀርመን ተጓዦች በሰሙበት ጆሮ የጻፉትን የመንደር ስም ለመፍታት ስንት ቀን እንደሚፈጅ ያየ ሰው ያውቀዋል።

ቀኑ ላይ ደግሞ የእኛ አገር ልዩ ጣጣ አለ። 5/2/2010 ብላችሁ ብትጽፉ ምንድን ነው? በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ጥቅምት 5 ነው፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 15 ቀን 2017 ማለት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ፌብሩዋሪ 2010 ነው። ከሰባት ዓመት በላይ ልዩነት አለ። ከዝናብ ማብቂያ ወደ በጋ መካከልም ገባችሁ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። 3 ሰዓት የጠዋቱ ነው ወይስ የፈረንጁ ከሰዓት በኋላ? የወሩን ስም በፊደል ጻፉ፤ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አጠገቡ ጻፉ። ይህ ለእናንተ ግልጽ ሊመስላችሁ ይችላል። ናሙናውን ከሃያ ዓመት በኋላ የሚከፍተው ሰው ግን እናንተን አግኝቶ መጠየቅ አይችልም።

አብሯችሁ ደን የገባውን የአካባቢውን ሰው ስም በደብተራችሁ ጻፉ፤ ፈቃዱን ጠይቃችሁ ጽሑፉ ሲታተም አመስግኑት። ወፏ የት ጎጆ እንደምትሠራ የሚያውቀው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ የምርምር ጥያቄውን ራሱን የሚሰጣችሁም እሱ ነው።

ፈቃድን በተመለከተ አጭር ነኝ። የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ለመያዝ ይፈቅዳል። የዘረመል ሀብት ከአገር የሚወጣው በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት በብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ነው። አሰልቺ ነው ብላችሁ አትዝለሉት። ናሙናችን ወጥቶ የት እንደደረሰ ሳይታወቅ የቀረበት ዘመን ነበር። አዋጁ የእኛን ጥቅም ለማስጠበቅ የወጣ ነው።

ገንዘብ የለንም ለምትሉ ደግሞ፣ መጀመር የምትችሉት ከዜሮ ነው። ብዙ መጽሔቶች ጥሬውን የጂኖም መረጃ በነጻ የመረጃ ቋት እንዲቀመጥ ያስገድዳሉ። ማንም ያወርደዋል። የምትሠሩባቸው ፕሮግራሞችም አብዛኞቹ ነጻ ናቸው። ኢንተርኔቱ ደካማ ከሆነ አንድ ክሮሞሶም ብቻ አውርዳችሁ ተለማመዱ። አራት ኪሎ ወዳለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሙዚየም ሂዱና የወፍ ቆዳዎቹን መለያ ወረቀት አንብቡ። ከድሮ ቆዳ የእግር ጫፍ ላይ ከምትቆረጥ ቅንጣት ዛሬ ዲ ኤን ኤ ማውጣት ይቻላል። ሰው ደኑን ከመቁረጡ በፊት የነበረውን ወፍ ከዛሬው ጋር ማነጻጸር ማለት ነው። ይህ ሥራ በአገራችን ሊሠራ እየተገባው ገና ብዙ ይቀረዋል።

ሌሎች ጥያቄዎችም አሉ፤ ጊዜ ቢኖረኝ እኔው የምሠራቸው ናቸው። ነጭ ጉንጯ ቱራኮ ከሸለቆው ምዕራብ አንድ ንዑስ ዝርያ፣ ከምሥራቅ በአርሲ፣ በባሌና በሐረር በኩል ሌላ ንዑስ ዝርያ አላት። የምሥራቋ የጉትዬዋ የኋላ ጫፍ ቀላ ይላል። ይህ የመልክ ልዩነት በጂኖሟ ውስጥ ምን ያህል ጥልቀት አለው? ሌላው የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። በጎንደርና በጎጃም በእርሻ የተከበቡ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ደኖች አሉ። በአንዱ አጸድ ውስጥ ያለው ወፍ ወደሚቀጥለው ይሻገራል? ወይስ በየደኑ ብቻውን ቀርቶ ያ የሃርሞኒክ ስሌት እየበላው ነው? ይህ ጥያቄ ጊዜ አይሰጥም። ሰዎች የወፎቹን ብዛት ቆጥረው “አሉ” ይላሉ። ቆጠራ የዛሬውን ይናገራል። የጠፋውን ልዩነት አይናገርም።

ስለ ዛፎቹ አንድ ነገር ላንሳ፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወዳለው መናገሻ ሱባ ስለምልካችሁ ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እዚያ አስተከሉ ተብሎ ይነገራል። እውነት ከሆነ የዛፎቹ ዘረመል ሊመሰክር ይችላል፤ የዕፅዋት ተማሪ ካላችሁ ይህን ጥያቄ ስጡት። የወፎቹ አመጣጥ ግን በንጉሥ ትእዛዝ አይደለምና ታሪካቸው ከዛፎቹ ሊለይ ይችላል።

ከእናንተ አንዱ የቱራኮዋን ወይም የካትበርዷን ጥያቄ ይዞ ከተነሳ በምዕራብ መናገሻ ሱባን፣ በምሥራቅ ዲንሾን ይምረጥ። ሁለቱንም በአንድ ወቅት ይሥራ፤ አንዱን በክረምት ሌላውን በበጋ አይሁን። ላብራቶሪ ሲደርስ ደግሞ የምዕራቡን ናሙና ሁሉ በአንድ ዙር፣ የምሥራቁን ሁሉ በሌላ ዙር አያስነብብ። ማሽኑ በየዙሩ የራሱ ትንሽ ስህተት አለው። እንደዚያ ከተሠራ የማሽኑ ልዩነት የስምጥ ሸለቆ ልዩነት መስሎ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። ቱቦዎቹን ቀላቅሉ፤ ምዕራብ፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብ፣ ምሥራቅ እያላችሁ በላብራቶሪው የናሙና ሳህን ላይ ደርድሩ። ያን ለማድረግ እያንዳንዱ ቱቦ ከየት እንደመጣ በወረቀቱ ላይ በእርሳስ ተጽፎ መገኘት አለበት።